በሱቅ ዐረቢ የነበረው የኮራል ገንዳ፤ የባሕር ውኃ በቤት ውስጥ እንዴት ይጠበቃል?

በካርቱም ከተማ እምብርት፣ በታላቁ መስጊድ አካባቢ የተዘረጋው ሱቅ ዐረቢ ወርቁም፣ ጨርቁም፣ ሽቶውም፣ የኤሌክትሪክ ዕቃውም የሚሸጥበት ታላቅ ገበያ ነበር። ነበር ያልሁት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ገበያውን የውጊያ ሥፍራ ስላደረገውና ብዙዎቹ ሱቆች ስለተዘረፉና ስለተቃጠሉ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ስለ ገበያው ማተት አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት በዚያ ገበያ፣ በአንዲት ጠባብ የሰዓት ማደሻ ሱቅ ውስጥ ስላየሁት የመስተዋት ገንዳ፣ በገንዳውም ላይ በገዛ እጄ ስለፈጸምሁት ጥፋትና ከጥፋቱ ስለተገኘው የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ዕውቀት ለመምህራንና ለተማሪዎች ለማስረዳት ነው።

በዚያን ጊዜ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ክረምቱን ካርቱም የሚኖሩትን አጎቴን ለመጠየቅ በመተማና በገዳሪፍ በኩል ተሻግሬ ሄድሁ። አጎቴ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ከሱቃቸው ፊት ለፊት አንድ የፖርት ሱዳን ተወላጅ የሆኑ አዛውንት ሰዓት ያድሳሉ፤ ሰው ሁሉ ‹‹ሐጅ›› ይላቸዋል፤ እኔንም መምህር መሆኔን ሲሰሙ ‹‹ኡስታዝ›› አሉኝ። ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው በስተጀርባ አንድ ሜትር ርዝመትና ግማሽ ሜትር ወርድ ያለው ገንዳ ቆሟል። በውስጡ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች፣ አንድ ለስላሳ ኮራልና ሦስት ጉማጅ ድንጋያማ ኮራሎች ነበሩበት። ውኃው የሚመጣው በጀሪካን ተሞልቶ፣ በጭነት መኪና፣ ከ800 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ተጉዞ ከቀይ ባሕር ነው። ሐጁ ከባሕሩ ዳር ተወልደው ከበረሃ መካከል ማርጀታቸው ስለሚከነክናቸው ባሕሩን ወደ ሱቃቸው አመጡት ማለት ይቻላል።

ኮራል በዐረብኛ ማርጃን ይባላል። ሲያዩት ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ የብዙ ጥቃቅን እንስሳት መንደር ሲሆን፣ እያንዳንዱ እንስሳ አፍና በአፉ ዙሪያ የተደረደሩ ክንዶች አሉት። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነዚህም በፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ ለባለቤቱ ያካፍላሉ። ድንጋያማው ዓይነት ከውኃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ ቤቱን ከኖራ ድንጋይ ይሠራል። የሱዳን ባሕር በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። ከባሕሩ ዳር 25 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ የሚገኘው የሳንጋኔብ የኮራል ቀለበት እ.ኤ.አ. በ1990 የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ በ2016ም ከዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤና ከሙካዋር ደሴት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ በ1963 ሰዎች ከባሕር በታች ለሳምንታት እንዲኖሩ ቤት የሠራው ከፖርት ሱዳን ሰሜን በሻዓብ ሩሚ ኮራል አጠገብ ነበር።

ልብ ሊባል የሚገባው ዋናው ነገር ይህ ነው። ባሕር እጅግ ሰፊ ስለሆነ ጠባዩን በቀላሉ አይለውጥም፤ ዛሬ ያለው ጨው ነገም ያው ነው። ኮራል ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት የኖረው በዚህ ዓይነቱ ቋሚ ውኃ ውስጥ ነውና ለውጥን የሚቋቋምበት አቅም አልፈጠረም። ሁለት መቶ ሊትር ውኃ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሌላ ውኃ ሊሆን ይችላል።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በደረስሁ ሰሞን ሐጁ ‹‹ኡስታዝ፣ ኮራሎቹ ክንዳቸውን ሰበሰቡ፤ ምን ይሻላል?›› ብለው ጠየቁኝ። ገንዳውን ባየው ድንጋዩ ላይ ቡናማ ነገር ተለጥፏል፤ አሸዋው አድፏል፤ የማጣሪያው ስፖንጅ ጭቃ መስሏል። ነገሩ ቀላል መሰለኝ። እጄን ሰብስቤ ድንጋዩንም፣ አሸዋውንም፣ ስፖንጁንም በቧንቧ ውኃ እያሸሁ አጠብሁት፤ ከውኃውም ግማሹን አዲስ በመጣ የባሕር ውኃ ለወጥሁት። ገንዳው እንደ አዲስ ብርጭቆ አበራ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየው ጀመር፤ እኔም ኮራሁ። በማግሥቱ ዓሦቹ ከውኃው ወለል ላይ ወጥተው ያለከልኩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ሞቱ፤ በሳምንቱም ድንጋያማዎቹ ኮራሎች ሥጋቸው ተገፎ ነጭ አጥንታቸው ቀረ። ውኃው እስከ መጨረሻው ድረስ ኩልል ያለ ነበር። ሐጁ አልተቆጡኝም፤ ‹‹ኡስታዝ፣ ሰዓት እንዲህ አይታጠብም›› ብቻ አሉኝ።

ምን ሆነ? ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ በጥቂቱም ገዳይ ነው። በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ ሃይድሮጅን አዮን የጨበጠውና ብዙም የማይጎዳው አሞኒየም ሲሆን፣ ሁለተኛው ያልጨበጠውና መርዛሙ አሞኒያ ነው። የሁለቱን ድርሻ የሚወስነው በተለይ ፒ ኤች ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒ ኤች 7 በሆነ ውኃ ውስጥ መርዛሙ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። የባሕር ውኃ ፒ ኤች ግን 8.2 ገደማ ስለሆነ መርዛማው ድርሻ ከ10 እጥፍ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ በወንዝ ውኃ ገንዳ ውስጥ ዓሣ የሚታገሠው የአሞኒያ መጠን በባሕር ውኃ ገንዳ ውስጥ ሊገድለው ይችላል።

ከዚህ መርዝ የሚያድኑት ባክቴሪያዎች ናቸው። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ በአፈር ላይ ባደረገው ጥናት እንዳሳየው አንደኛው ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ለጤፍ ማሳ ሲሳይ የሆነው ናይትሬት የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ባክቴሪያዎቹ በውኃው መካከል ተንሳፍፈው አይኖሩም፤ በድንጋዩ፣ በአሸዋውና በስፖንጁ ላይ ተለጥፈው ነው የሚኖሩት። እኔ እድፍ ብዬ ያጠብሁት መኖሪያቸውን ነበር። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ደግሞ የሚጨመረው ባክቴሪያ እንዲገድል ነውና ሥራውን ሠራ። ለሰው የጠራው ውኃ ለገንዳው መርዝ፣ ለእኔ እድፍ የመሰለኝም ለዓሣው እስትንፋስ ኖሯል። ስፖንጅ መታጠብ ካለበት ከገንዳው በተቀዳ ውኃ፣ በባልዲ ውስጥ ቀስ ተብሎ፣ ያውም በአንድ ጊዜ ግማሹ ብቻ ይታጠባል።

ባክቴሪያዎቹ እንደገና እስኪራቡ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ። የተረፈውን ለስላሳ ኮራል አየር በሚነፋበት ባልዲ አቆየነው፤ በባልዲውም ያለውን የባሕር ውኃ በየሁለት ቀኑ እንለውጣለን። በባዶው ገንዳ ውስጥ አንዲት ቁራጭ የባሕር ሽሪምፕ ጥለን እንድትበሰብስ አደረግን፤ ባክቴሪያው የሚበላው አሞኒያ ያስፈልገዋልና። የሐጁ ልጅ ከጅዳ በላከው የጠብታ መመርመሪያ በየሁለት ቀኑ እየለካን በሰዓት መመዝገቢያ ደብተራቸው ላይ ጻፍን። አስቀድሞ አሞኒያ ወጣ፤ በሦስተኛው ሳምንት ሲወርድ ናይትራይት ተነሣ፤ በስድስተኛው ሳምንት ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ቀረ። ገንዳ አዲስ ሲቆም ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚያስቆየው ይህ ሂደት ነው። ትዕግሥት አጥተው በመጀመሪያው ሳምንት ዓሣና ኮራል የሚጨምሩ ሰዎች ገንዘባቸውን በውኃ ላይ በተኑት ማለት ነው።

ይሁንና ሐጁ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ጥያቄ ገና አልተመለሰም። ኮራሎቹ ክንዳቸውን የሰበሰቡት እኔ ከመምጣቴ በፊት ነበራ! መልሱን ያገኘነው የውኃውን እፍግታ በሃይድሮሜትር ስንለካ ነው። ከለወጥሁት ግማሽ ቀደም ብሎ በጀሪካን ተቀድቶ የቀረ አሮጌ የገንዳ ውኃ ነበር፤ 1.033 አሳየ። የአብዛኛው ውቅያኖስ ውኃ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ሲኖረው እፍግታው 1.026 ገደማ ነው። ቀይ ባሕር ትልቅ ወንዝ የማይገባበትና ፀሐይ የበረታበት ስለሆነ ጨው ይበዛበታል፤ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲኬድ ከ36 እስከ 41 ግራም ይደርሳል። የሐጁ ገንዳ ግን ከቀይ ባሕርም አልፎ ሄዷል።

ምክንያቱ ገንዳው እየጎደለ ሲሄድ ሐጁ የሚሞሉት በባሕር ውኃ መሆኑ ነው። የባሕር እንስሳ የባሕር ውኃ ይፈልጋል ብለው አሰቡ፤ ይህን ማን ይቃወማል? ነገር ግን ወደ አየር የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። ለስሌት እንዲመች ገንዳው 200 ሊትር፣ ጨዉም በሊትር 40 ግራም ነው እንበል፤ በጠቅላላው 8000 ግራም ጨው አለ ማለት ነው። በካርቱም ደረቅ አየር በቀን 4 ሊትር ቢተን በአምስት ቀን 20 ሊትር ይጎድላል። ይህን በባሕር ውኃ ስንሞላው 800 ግራም ጨው እንጨምራለን፤ ጨዉም በሊትር 44 ግራም ይሆናል። በአሥረኛው ቀን 48፣ በሃያ አምስተኛው ቀን 60 ግራም ይደርሳል። በዚህ ውኃ ውስጥ ያለ ኮራል ውኃ መካከል ሆኖ ይደርቃል፤ በአስሞሲስ ሕግ መሠረት ከሥጋው ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ውጭ ይሳባልና። የተነነውን የሚተካው ጨው የሌለበት ንጹሕ ውኃ ነው፤ ጨዋማ ውኃ የሚገባው አሮጌው ተቀድቶ ሲወጣ ብቻ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ያልለየ ሰው ሌላው ጥረቱ ሁሉ ከንቱ ነው ብል አላጋነንሁም።

ጨው የሌለበት ውኃስ ከየት ይመጣል? የካርቱም የቧንቧ ውኃ የሚቀዳው በዋነኛነት ከሁለቱ ዓባዮች ነው። በዚያ ክረምት የጥቁር ዓባይን ውኃ ከድልድዩ ላይ ቆሜ ሳየው ቀለሙ የጎጃም ጭቃ ነበር፤ የአገሬ አፈር ከእኔ ቀድሞ ካርቱም ደርሷል ብዬ ከአጎቴ ጋር ተሳሳቅን። የቧንቧ ውኃ ደለሉ ረግቶና በክሎሪን ታክሞ ለመጠጥ ይበቃል። ለኮራል ግን በዓይን የማይታየው ፎስፌትና ሲሊኬት አልጌ ያበቅላል፤ ከቧንቧ ብረት የሚሟሟ ጥቂት መዳብም አጥንት የለሽ እንስሳትን ይገድላል። ስለዚህ በረቂቅ ስስ ገለፈት በግፊት የተጣራ ወይም ተንኖ የተጠራቀመ ውኃ ያስፈልጋል። እኛም ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን እየገዛን በየማለዳው በመስተዋቱ ላይ እስከተሰመረው ምልክት ድረስ መሙላት ጀመርን።

ሙቀት ሌላው ጠላት ነው። አብዛኛው ኮራል ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይስማማዋል። ሙቀቱ ከ30 አልፎ ሲቆይ አልጌዎቹን ከሥጋው ያስወጣቸዋል፤ ቀለሙ የአልጌዎቹ ስለነበር ይነጣል፤ ከብዙ ጊዜም በኋላ በረኀብ ይሞታል። በባሕሮች ሁሉ የኮራል መንጣት የሚባለው አደጋ ይኸው ነው። በዚያም ላይ የሞቀና የጨው ውኃ ኦክስጅን የመያዝ ችሎታው ያንሳል፤ በ25 ዲግሪ ጨው አልባ ውኃ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ሲይዝ፣ የባሕር ውኃ 6.7 ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም በመጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅን ነውና፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር መንፊያ ከማንኛውም ውድ ዕቃ በፊት መገዛት አለበት።

ማቀዝቀዣ መሣሪያ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው በውኃው ወለል ላይ ነፋስ የሚያወርድ ማራገቢያ ይበቃዋል። በካርቱም መንገዶች ዳር ለአላፊ አግዳሚው የሚቀመጠውን ዚር የሚባለውን የሸክላ ጋን ያየ ሰው ምሥጢሩን ያውቀዋል፤ ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከ200 ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ ሊትር ቢተንና ሙቀቱ በሙሉ ከገንዳው ቢወሰድ ውኃው ወደ 3 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። የፊዚክስ መምህራን ይህን በቀላሉ ሊያሰሉላችሁ ይችላሉ። ነገር ግን ማራገቢያው ትነትን ስለሚያበዛ የጨው ጣጣ አብሮ ይመጣል። በዚህ ሙያ ውስጥ አንዱን ነክቶ ሌላውን ሳይነኩ መቅረት የለም።

ድንጋያማ ኮራሎች ሲያድጉ ውኃውን እየበሉት ነው። የሚፈለገው ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም፣ ማግኒዥየም 1300 ያህል ነው፤ ካርቦኔቱም አብሮ መጠበቅ አለበት። ይህን ለመተካት ከቆዩት መንገዶች አንዱ ለኬሚስትሪ ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ የኖራ ውኃ ነው። እኛ በክፍል ውስጥ ትንፋሻችንን የምንነፋበትና በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚደፈርሰው ያው የካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙት፣ በገንዳ ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ኮራሉ የሚሠራበትን ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይሰጣል። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ አንድ ግራም ተኩል ያህል ይሟሟል። ፒ ኤቹ ከ12 በላይ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ገዳይ ነው፤ የሚጨመረው ጠብ ጠብ እያለ፣ በተለይም የገንዳው ፒ ኤች በሚወርድበት በሌሊት ነው። ዓይንንና ቆዳንም ያቃጥላልና ጥንቃቄ ይደረግ።

ናይትሬት ከሁሉ የማይፈራው ቢሆንም ሲከማች ኮራሉን በአልጌ ያስውጠዋል። አንዱ መከላከያ ቆሻሻው ከመበስበሱ በፊት በአረፋ ማንሣት ነው፤ የሥጋ መረቅ ሲፈላ አረፋው እንደሚገፈፈው ሁሉ፣ ጥቃቅን የአየር አረፋ በውኃው ውስጥ ሲወጣ ቅባታማውን እድፍ ይዞ ከላይ ይጠራቀማል። ሁለተኛው ውኃ መለወጥ ሲሆን፣ እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት ስሌት አለ። ናይትሬት በየሳምንቱ 5 ሚሊ ግራም በሊትር ቢጨምርና በየሳምንቱ ከውኃው አንድ አሥረኛው ቢለወጥ ገንዳው ንጹሕ የሚሆን ይመስላል። አይሆንም። መጠኑ እያደገ ሄዶ የሚረጋው 50 ሲደርስ ነው፤ የ50 አንድ አሥረኛ 5 ነውና የሚወጣውና የሚገባው የሚተካከለው እዚያ ነው። አንድ አምስተኛው ቢለወጥ በ25 ይረጋል። ከዚህ በታች ለማውረድ የምግቡን መጠን መቀነስ ውኃ ከመለወጥ ይልቅ ይረክሳል። ለዓሣ የሚሰጠው ምግብ በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ይሁን፤ እኛ አበሾች ግን እንግዳን አብሉ እንጂ መጥኑ ተብለን አላደግንም።

ይህ ሁሉ ብዙ መሣሪያ የሚጠይቅ ለሚመስለው፣ ሊ ቺን ኤንግ የተባለው የጃካርታ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 የጻፈውን ማስታወስ ይጠቅማል። ከባሕር የመጣ ሕይወት ያለው ድንጋይ፣ የፀሐይ ብርሃንና ጥቂት የአየር አረፋ ብቻ ይዞ ኮራል አኖረ። ድንጋዩ ላይ የተለጠፉት ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ነበሩ። ባሕሩ ግን ደጃፉ ስለነበር በርቀት ያለ ሰው የእሱን ያህል ሊዳፈር አይገባም። ደግሞም ድንጋያማ ኮራሎች በዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ጥበቃ ሥር ናቸው፤ ከባሕር እየሰበሩ ከማምጣት ይልቅ በገንዳ ያደገውን ቆርጦ ማባዛት ይቻላል።

በሰባተኛው ሳምንት ለስላሳውን ኮራል ከባልዲው ወደ ገንዳው መለስነው። ያን ዕለት እንደ ተጨበጠ እጅ ሆኖ ዋለ፤ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሐጁ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ አጎቴ ዘንድ መጥተው ‹‹ኡስታዝ ይነሣ፣ ተከፈተ!›› አሉ። ጦርነቱ ሲነሣ ሐጁ ወደ ፖርት ሱዳን ተመልሰዋል፤ ገንዳው ከሱቁ ጋር ቀረ።

ባሕር በሌለበት ት/ቤትም የዚህን ትምህርት ዋና ክፍል ማሳየት ይቻላል። ሁለት ተመሳሳይ ማሰሮዎች ውሰዱና በእያንዳንዱ ሊትር ውኃ 35 ግራም የገበታ ጨው አሟሙ፤ የውኃውንም ከፍታ ምልክት አድርጉ። የማለቂያ እስክሪብቶ ቧንቧ ከታች በሰም ደፍናችሁ ጥቂት ትንንሽ ምስማር ብትጨምሩበት ቀጥ ብሎ የሚንሳፈፍ ሃይድሮሜትር ይሆናል፤ በንጹሕ ውኃና በጨው ውኃ እስከ የት እንደሚሰምጥ በቀለም ይሰመርበት። እንቁላል ለዚህ አይረባም፤ ትኩስ እንቁላል እፍግታው 1.08 ገደማ ስለሆነ በባሕር ውኃም ይሰምጣል። ማሰሮዎቹን ፀሐይ ላይ አኑሩ፤ በየቀኑ የጎደለውን አንደኛውን በንጹሕ ውኃ፣ ሁለተኛውን በጨው ውኃ ሙሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቧንቧው በሁለተኛው ማሰሮ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚንሳፈፍ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይለኩ፤ ከመለካታቸው በፊት ግን ስሌቱን ሠርተው መልሱን በደብተራቸው ይጻፉ።